የእንግሊዝኛ ቃላትን ወደ ስፓኒሽ መመለስ፦ አማርኛን መሃል አስገብቶ

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ የሚኖር ሐበሻ ስፓኒሽ ሳይሰማ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ሆቴል ውስጥ፣ ፓርኪንግ ላይ፣ ሬስቶራንት ጓዳ፣ ግንባታ ላይ ከጎናችን የቆመው ሰው ብዙ ጊዜ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላ ወይም ከሆንዱራስ የመጣ ነው። በቋንቋው ሁለት ሦስት ቃል ብንወረውር ሥራውም ወዳጅነቱም ይቀላል። ለመማር ስንነሳ ግን መንገዱ በእንግሊዝኛ በኩል ነው። አፑም፣ መዝገበ ቃላቱም፣ የዩቲዩቡ ትምህርትም ከእንግሊዝኛ ይነሳል። ከአማርኛ ቀጥታ ወደ ስፓኒሽ የሚወስድ ሁነኛ መዝገበ ቃላት እንደ ልብ አይገኝም።

ስለዚህ አብዛኞቻችን የእንግሊዝኛውን ቃል እናያለን፣ ስፓኒሹን ከጎኑ እንጽፋለን፣ እንሸመድዳለን። አማርኛው ዳር ቆሞ ያያል። እኔ አማርኛው መሃል መግባት አለበት ባይ ነኝ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አራት አምስት ትርጉም ይዞ ይዞራል። ከነዚያ የትኛውን እንደፈለጋችሁ ቶሎ የሚነግራችሁ አፍ የፈታችሁበት ቋንቋ ነው። ከዚያም በላይ፣ ስፓኒሽ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለአማርኛ የሚቀርብባቸው ቦታዎች አሉ። እነሱን ያገኘ ሰው ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

የስፓኒሹን ቃላት እዚህ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። በ«ኸ» የተጻፈው ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ ነው። በደብተራችሁ ግን በላቲን ፊደል ጻፏቸው፤ የእኛን ፊደል ከጎን ለንባብ ብቻ ተጠቀሙበት።

1. ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ ያዙ

ቃል ብቻውን አትፈልጉ። የሰማችሁበትን ወይም ልትናገሩት ያሰባችሁትን ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከዚያ በአማርኛ እንዴት እንደምትሉት ጻፉ።

«ላይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንውሰድ። «መብራቱን አጥፋ» ለማለት ከሆነ ላ ሉስ ነው። «ሻንጣው ቀላል ነው» ከሆነ ሊኼሮ ነው፤ ብዙ የላቲን አሜሪካ ሰው ሊቢያኖ ይለዋል። «ነጣ ያለ ሰማያዊ» ከሆነ ክላሮ። «ሻማውን ለኩስ» ከሆነ ኤንሴንዴር። አማርኛው መብራት፣ ቀላል፣ ነጣ ያለ፣ ለኮሰ ብሎ ከፋፍሎታል። ስፓኒሹም ከፍሎታል። እንግሊዝኛው ብቻ ነው አንድ ላይ የጠቀለለው።

ይበልጥ የሚያስቸግሩት ከትንንሽ ቃላት ጋር የሚጣመሩት ግሦች ናቸው። «ፒክ አፕ» የሚለውን ሁለት ቦታ ቆርጣችሁ ብትተረጉሙ የትም አትደርሱም። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማምጣት ከሆነ ሬኮኼር ነው። ስልክ ማንሳት ከሆነ ኮንቴስታር ነው። «ጊቭ አፕ» ደግሞ እጅ መስጠት ሲሆን ሬንዲርሴ፣ ሲጋራ ማቆም ሲሆን ዴኻር ዴ ፉማር ይሆናል። «ሉክ ፎር» ሁለት ቃል ቢሆንም በስፓኒሽ ቡስካር ብቻ ነው፤ ልክ እንደኛ «ፈለገ»። በነዚህ ግሦች ላይ የእንግሊዝኛውን ቅርጽ ጨርሳችሁ እርሱትና ከአማርኛው ተነሱ።

2. መዝገበ ቃላቱን አንብቡት

ብዙ ሰው መዝገበ ቃላት ከፍቶ የመጀመሪያውን ቃል ቀድቶ ይዘጋዋል። የመጀመሪያው ቃል የእናንተ ላይሆን ይችላል። ወርድሪፈረንስን የመሰለ ነጻ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ከእያንዳንዱ ትርጉም አጠገብ በቅንፍ አጭር ማብራሪያና ምሳሌ ያስቀምጣል። ያንን ማብራሪያ በደረጃ አንድ ከጻፋችሁት አማርኛ ጋር አስተያዩ። ሲገጥም ብቻ ቃሉን ውሰዱ።

ስሙ ወንድ ይሁን ሴት የሚነግረውን ምልክትም ተመልከቱ። በስፓኒሽ ጠረጴዛም ወንበርም ጾታ አለው። ኤል ለወንድ፣ ላ ለሴት ነው። በ«ኦ» የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ ወንድ፣ በ«አ» የሚያልቀው ሴት ነው፤ ግን ላ ማኖ (እጅ) ሴት ናት፣ ኤል ፕሮብሌማ፣ ኤል ማፓ እና ኤል ዲያ (ቀን) ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ስምን ያለ ኤል ወይም ያለ ላ አትጻፉ። በኋላ ለይቶ ማጥናት እጥፍ ሥራ ነው።

ግሥ ስትፈልጉ በአር፣ በኤር ወይም በኢር የሚያልቀውን ቅርጽ ነው የምታገኙት። የኛ መዝገበ ቃላት «ሄደ»፣ «በላ» እያለ በእሱ ይመዘግባል፤ የእነሱ ደግሞ «መሄድ»፣ «መብላት» እያለ። ስለዚህ አንድ ሰው «ኮሜሞስ» ሲል ሰምታችሁ ትርጉሙን ብትፈልጉ ኮሜር የሚለው ሥር ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ከፍ ስትሉ የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚን መዝገበ ቃላት ልመዱ። አካዳሚው በ1713 የተቋቋመ ነው (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የመዝገበ ቃላቱ 23ኛ እትም በ2014 ወጥቷል፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። ስፓኒሽን በስፓኒሽ ስለሚፈታ መጀመሪያ ይከብዳል። ነገር ግን እንግሊዝኛው ሲያምታታችሁ ዳኝነቱ እዚያ ነው። ድሮ የታተመ መዝገበ ቃላት ገበያ ላይ ካገኛችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፦ እስከ 1994 ድረስ «ች» እና «ይ» ተብለው የሚነበቡት ጥንድ ፊደላት ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች ነበሩ። ቹሌታን በ«ሲ» ፊደል ሥር ስትፈልጉ ያጣችሁት ለዚህ ይሆናል።

3. በነጻ የሚገኙትን ሰብስቡ

በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛና የላቲን ቃል እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቷል። ስፓኒሽ ራሱ ከላቲን የወጣ ቋንቋ ነው። በዚህ ምክንያት በሺዎች የሚቆጠሩ ቃላት መጨረሻቸውን ብቻ በመቀየር ይሻገራሉ። በ«ሽን» የሚያልቀው በ«ሲዮን» ይተካል፦ ኔሽን ናሲዮን፣ ኢንፎርሜሽን ኢንፎርማሲዮን። እነዚህ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴት ናቸው። በ«ቲ» የሚያልቀው ብዙ ጊዜ «ዳድ» ይሆናል፦ ዩኒቨርሲቲ ኡኒቤርሲዳድ፣ ሲቲ ሲዩዳድ። እነዚህም ሴት ናቸው። በ«ሊ» የሚያልቀው «ሜንቴ»፣ ፌመስን የመሰለው ፋሞሶ፣ በ«ኢስት» የሚያልቀው «ኢስታ» ይሆናል።

ሆኖም ይህ ቀመር ግምት ነው። ከገመታችሁ በኋላ አረጋግጡ። ለስደተኛ በየቀኑ የሚያስፈልገውን «አፕሊኬሽን» ተመልከቱ። የስልክ አፕ ከሆነ አፕሊካሲዮን ትክክል ነው። የሥራ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ከሆነ ግን ትክክለኛው ቃል ላ ሶሊሲቱድ ነው። አሜሪካ ያደጉ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች አፕሊካሲዮን ሲሉ ትሰማላችሁ፤ ይገባችኋልም። ፎርም ላይ ግን ሶሊሲቱድን ፈልጉ። አማርኛው እዚህም አስቀድሞ ለይቶታል፦ አፕ እና ማመልከቻ።

4. መልካቸው የሚያሳስታችሁ ቃላት

እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው።

በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ ስፓኒሽ ተናጋሪ ኩባውያን ነበሩ። የበላው ነገር ሳይመርዘው አልቀረም ብለው ስላሰቡ ኢንቶክሲካዶ የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። በእነሱ አነጋገር ቃሉ በምግብ ወይም በሌላ ነገር መመረዝ ማለት ነው። ሐኪሞቹ ጋ የደረሰው ግን የእንግሊዝኛው «ኢንቶክሲኬትድ» ነው። ስለዚህ ዕፅ አብዝቶ እንደወሰደ ሰው ታከመ። በትክክል የነበረበት የአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ነበር። እስኪታወቅ ድረስ ጊዜው አለፈ፤ ወጣቱ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። ጉዳዩ 71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚደርስ የካሳ ስምምነት አለቀ። የሕክምና አስተርጓሚዎች እስከ ዛሬ ይህን ታሪክ ያስተምሩበታል። ሰነፍ ተርጓሚ ስለነበረ አይደለም የሆነው። ሁለቱ ቃላት ስለሚመሳሰሉ ማንም ደግሞ መጠየቅ እንዳለበት አልታየውም።

ስለዚህ አንድ የስፓኒሽ ቃል የእንግሊዝኛ መልክ ካለው ተጠራጠሩት። ቢያንስ እነዚህን በቃላችሁ ያዙ።

ኤምባራሳዳ ነፍሰ ጡር ማለት ነው፤ «ኤምባራስድ» ማለትም ያፈረች አይደለም። አፍሬያለሁ ለማለት ሜ ዳ ቤርግዌንሳ ይባላል። ኤክሲቶ ስኬት ነው። በር ላይ የምትፈልጉት መውጫ ሳሊዳ ነው። ሊብሬሪያ መጽሐፍ የሚሸጥበት ነው፤ ተውሶ የሚነበብበት ቢብሊዮቴካ ነው። ካርፔታ የወረቀት ማኅደር፣ ምንጣፉ ደግሞ አልፎምብራ። ሮፓ ልብስ፣ ገመዱ ኩዌርዳ። ሶፓ ሾርባ፣ ሳሙናው ኻቦን። አክትዋልሜንቴ «በአሁኑ ጊዜ» ነው፤ እንግሊዞቹ «አክቹዋሊ» የሚሉት ኤን ሬአሊዳድ ይሆናል። አሲስቲር ስብሰባ ወይም ክፍል መገኘት ነው፤ መርዳት አዩዳር ነው። ላርጎ ረጅም እንጂ ትልቅ አይደለም። ስፔን ውስጥ አንድ ሰው ኮንስቲፓዶ ነኝ ካለ ጉንፋን ይዞታል፤ ሆድ ድርቀት ኤስትሬኚሚዬንቶ ነው። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠሩ ይህችን የመጨረሻዋን አስምሩባት።

5. የራሳችን አሳሳች ቃላት

ይህን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አይነግሯችሁም። አማርኛ ከጣሊያንኛና ከዓረብኛ የወሰዳቸው ቃላት ስፓኒሽ ውስጥ ዘመድ አላቸው። አንዳንዱ ዘመድ ይረዳል፣ አንዳንዱ ያሳስታል።

የሚረዳው፦ ፋብሪካ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው «ፋብሪክ» ማለትም ጨርቅ እየመሰለው ይሳሳታል፤ ለእኛ ግን ስፓኒሹም ፋብሪካ ነው፣ አለቀ። ስኳር አሱካር፣ ሩዝ አሮስ፣ ዘይት አሴይቴ ይባላል። በ711 ከሰሜን አፍሪካ የተሻገሩ ሙስሊሞች አብዛኛውን የስፔን ምድር ይዘው ለብዙ መቶ ዓመታት ሲኖሩ የዓረብኛ ቃላት በብዛት ስፓኒሽ ውስጥ ቀርተዋል። እነዚህን ሦስት የወጥ ቤት ቃላት እኛም ከዓረብኛ ጋር እንጋራቸዋለን። ገበያ ስትወጡ እንግሊዝኛውን ጨርሶ አያስፈልጋችሁም።

የሚያሳስተው ደግሞ፦ ካሚሳ የቀሚስ ዘመድ ቢሆንም ሸሚዝ ነው፤ ቀሚሱ ቤስቲዶ ነው። ማኪና ማንኛውም ማሽን ነው፤ ለመኪና የሚጠቀሙበት ኩባዎች ናቸው። ካሚዮን እንደኛው የጭነት መኪና ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ ግን አውቶቡስ ነው። ጎማ መሠረቱ ላስቲክ ነው። የመኪና ጎማ ማለቱ ኩባና ዶሚኒካን ሪፐብሊክን በመሰሉ አገሮች ይሠራል፤ የመካከለኛው አሜሪካና የሜክሲኮ ሰው ግን ያንታ ይላል። ሊብሬ ነጻ ማለት ነው፤ የመኪና ሊብሬ የምንለውን ወረቀት ፈልጋችሁ ሊብሬ ብትሉ ማንም አይረዳችሁም።

6. እንግሊዝኛውም አማርኛውም የማይለዩት

አማርኛ ሁሌ አያድናችሁም። ሁለቱም ቋንቋዎች፣ አንዳንዴም አማርኛው ብቻ፣ አንድ ቃል ይዘው ስፓኒሽ ግን የሚለይባቸው ቦታዎች አሉ። ለእነዚህ ለብቻቸው ገጽ ክፈቱላቸው።

መጠየቅ ሁለት ነው። መረጃ ስትጠይቁ ፕሬጉንታር፣ ዕቃ ወይም አገልግሎት ስትጠይቁ ፔዲር። ሰዓት ስንት እንደሆነ መጠየቅ ፕሬጉንታር ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ሒሳብ መጠየቅ ፔዲር ላ ኩዌንታ ነው። ማወቅም ሁለት ነው። አድራሻ፣ ዋና፣ መልስ የምታውቁት በሳቤር፤ ሰውና ከተማ የምታውቁት በኮኖሴር ነው። ነጻ ሰው ሊብሬ ነው፤ የማይከፈልበት ነገር ግራቲስ ነው። ቁልፍ ደግሞ አማርኛውን ራሱን ያስንቃል፦ የበር ቁልፍ ያቤ፣ የኮምፒውተር ቁልፍ ቴክላ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ቦቶን፣ ቁልፍ ጉዳይ ስንል ክላቤ። አሣ ባሕር ውስጥ ሲዋኝ ፔስ፣ ተጠምዶ ለምግብ ሲቀርብ ፔስካዶ ይባላል። እግር ከቁርጭምጭሚት በታች ፒዬ፣ ከዚያ በላይ ፒዬርና፣ የእንስሳ ከሆነ ፓታ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው «ነው» ነው። ስፓኒሽ ሴር እና ኤስታር ብሎ ሁለት ያደርገዋል። በጥቅሉ ማንነት በሴር፣ ሁኔታና ያሉበት ቦታ በኤስታር ይሄዳል። ኤስ አቡሪዶ ካላችሁ ሰውየው አሰልቺ ነው። ኤስታ አቡሪዶ ካላችሁ ሰልችቶታል። ኤስ ሊስቶ ብልህ ነው፣ ኤስታ ሊስቶ ዝግጁ ነው። ሦስተኛው አይ የሚባለው ደግሞ ልክ እንደ «አለ» ነው፦ አይ አግዋ? ውሃ አለ?

7. እንግሊዝኛውን ዘልላችሁ የምታልፉባቸው

እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለወራት የሚታገልበትን እኛ ከእናታችን ቤት ይዘነው መጥተናል።

እንግሊዝኛው «ራስ ምታት አለኝ» ዓይነት ነገር ይላል። እኛ «ራሴን ያመኛል» እንላለን። ስፓኒሽ ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ ይላል። የሚያመው ነገር ባለቤት ነው፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። «ደስ ይለኛል» ሜ ጉስታ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን «እኔ እወደዋለሁ» ብሎ ይገለብጠዋል። «ምግቡ አልተስማማውም» ሌ ካዮ ማል ላ ኮሚዳ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ዕቃ ከእጃችሁ ሲወድቅ እንግሊዝኛው «ጣልኩት» ያስብላችኋል። አማርኛ ያንን አይልም፤ «ወደቀብኝ» ይላል። ስፓኒሽም ሴ ሜ ካዮ ይላል። «ጠፋብኝ» ሴ ሜ ፔርዲዮ ነው። «ወተት አለቀብን» ሴ ኖስ አካቦ ላ ሌቼ። ያቺ «ብኝ» የምንላት ሳይታሰብ የደረሰብንን ነገር የምታሳይ ቁራጭ በስፓኒሽ «ሴ ሜ» ሆና ቁጭ ብላለች። እንግሊዝኛው «ድሮፕ»፣ «ሉዝ»፣ «ራን አውት» ሲላችሁ መጀመሪያ ወደ «ብኝ» መልሱት፤ ስፓኒሹ ራሱ ይመጣል።

አክብሮትም እንደዚሁ ነው። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል አለው። እኛ ለትልቅ ሰው እርስዎ፣ ለእኩያ አንተ ወይም አንቺ እንላለን። ስፓኒሽም ለአክብሮት ኡስቴድ፣ ለቅርብ ሰው ቱ ይላል። የኤል ሳልቫዶር ሰው ለወዳጁ ብዙ ጊዜ ቦስ ነው የሚለው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ስትመልሱ የምታናግሩት ሰው ለእናንተ አንተ ነው ወይስ እርስዎ ብላችሁ መጀመሪያ ወስኑ። ደግሞ «እናገራለሁ» ስንል «እኔ» ማለት እንደማያስፈልገን ሁሉ ኣብሎ ብቻ ይበቃል፤ ዮ የሚለውን በየዐረፍተ ነገሩ አትደርድሩ።

ሁለት ስሞች ሲገጣጠሙም አማርኛው ይረዳል። የእንግሊዝኛው «ኦሬንጅ ጁስ» መሃሉ ባዶ ነው። እኛ «የብርቱካን ጭማቂ» እንላለን። የእነሱ ደግሞ ኹጎ ዴ ናራንኻ ነው። «የ» የኛ «ዴ» ናት፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ይገለበጣል።

8. የየትኛው አገር ስፓኒሽ?

ስፓኒሽ በ20 አገሮች ውስጥ የሥራ ቋንቋ ነው። የቤትና የመንገድ ቃላት ከአገር አገር ይለያያሉ። ኮምፒውተር ስፔን ውስጥ ኦርዴናዶር፣ ላቲን አሜሪካ ውስጥ ኮምፑታዶራ ነው። መኪና ስፔን ኮቼ፣ መካከለኛው አሜሪካ ካሮ፣ አርጀንቲና አውቶ። ድንች ስፔን ፓታታ፣ ላቲን አሜሪካ ፓፓ። ጭማቂ ስፔን ሱሞ፣ ከባሕሩ ማዶ ኹጎ። አቮካዶ ሜክሲኮ አግዋካቴ፣ ቺሌና ፔሩ ፓልታ።

አንዳንዱ ልዩነት ያሳፍራል። ኮኼር ስፔን ውስጥ መያዝ፣ መውሰድ ነው፤ አውቶቡስም ኮኼር ይደረጋል። ሜክሲኮና አርጀንቲና ውስጥ ግን ጸያፍ ነው። ቶማርን ተጠቀሙ፤ ሁሉም ጋ ይሠራል። ጓጓ ኩባ ውስጥ አውቶቡስ፣ ቺሌ ውስጥ ሕፃን ልጅ ነው።

ኩባን ካነሳን፣ በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች እዚያ ተምረዋል፤ ብዙዎቹ ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ በምትባለው ደሴት። ዛሬ አዲስ አበባም ውጭም ያሉ የኩባ ተማሪዎች ጥርት ያለ ስፓኒሽ ይናገራሉ። አንዱን ወይም አንዷን የምታውቁ ከሆነ ትልቅ ሀብት ነው፤ አማርኛንም ስፓኒሽንም ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ከየትም መዝገበ ቃላት ይበልጣል። የሚነግሯችሁ ቃል የኩባ መሆኑን ብቻ አትርሱ። ሐቫና ውስጥ ፓፓያ ነውር ስለሆነ ፍሬውን ፍሩታ ቦምባ ይሉታል፤ የጓቲማላ ሰው ግን ይህን ስም ሰምቶት ላያውቅ ይችላል።

የኔ ምክር፦ አብራችሁ የምትውሉት ሰው አገር ስፓኒሽ የእናንተ ስፓኒሽ ይሁን። ሲለያዩ ማየት ለምትፈልጉ የስፓኒሽ አካዳሚዎች ማኅበር በ2010 ያወጣው የአሜሪካዎቹ ስፓኒሽ መዝገበ ቃላት አለ፤ ቃሉ የትኛው አገር እንደሚነገር በምልክት ያሳያል።

9. አንድ ዐረፍተ ነገር ከላይ እስከ ታች

ሥራ ቦታ የተለጠፈ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ አለ እንበል፤ ሐሳቡ «ከመሄድዎ በፊት ቁልፍዎን ፊት ለፊት ዴስኩ ላይ ያስረክቡ» ነው። እንግሊዝኛው «ተርን ኢን» ይላል። ተርን ብላችሁ ብትፈልጉ መዞር ይመጣል። አማርኛው ማስረከብ ስላለ ኤንትሬጋር ነው። «ኪይስ» የበር ቁልፍ ስለሆነ ያቤስ። «ፍሮንት ዴስክ» ጠረጴዛ አይደለም፤ እንግዳ መቀበያው ስለሆነ ሬሴፕሲዮን። «ሊቭ» ትቶ መሄድ ሳይሆን መውጣት ስለሆነ ሳሊር። የምናናግረው በእርስዎ ስለሆነ ኤንትሬጌ። ሲገጣጠም፦ ፖር ፋቦር፣ ኤንትሬጌ ላስ ያቤስ ኤን ላ ሬሴፕሲዮን አንቴስ ዴ ሳሊር። «ቁልፍዎን» ላስ ያቤስ፣ ማለትም «ቁልፎቹን» ብቻ ሆኗል። የማን እንደሆኑ ግልጽ ሲሆን ስፓኒሽ የባለቤቱን ምልክት ይተዋል።

10. አረጋግጡ፣ ከዚያ ካርድ ላይ አስፍሩ

ያገኛችሁትን የስፓኒሽ ቃል መልሳችሁ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ ፈልጉት። የተነሳችሁበት ትርጉም ካልተመለሰ የሆነ ቦታ ስታችኋል። ዕቃ ከሆነ ምስል ፈልጉ፤ ቴክላ ብላችሁ የኮምፒውተር ኪቦርድ ካያችሁ ጨርሳችኋል።

ጉግል ትራንስሌት ከ2016 ጀምሮ አማርኛ አለው። እኔ የምመክረው እንዲህ ነው፦ ያንኑ ዐረፍተ ነገር አንዴ ከእንግሊዝኛ፣ አንዴ ከአማርኛ ወደ ስፓኒሽ አስተርጉሙት። ሁለቱ ውጤቶች ከተለያዩ የተለያዩበት ቃል ላይ ችግር አለ ማለት ነው፤ ያንን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ውሰዱት። ነጠላ ቃል ግን አትስጡት። የቱን ትርጉም እንደፈለጋችሁ ሊያውቅ አይችልም።

ካርዱ ላይ አምስት ነገር ይኑር፦ ቃሉ ከኤል ወይም ከላ ጋር፣ የአማርኛ ፍቺው፣ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር፣ አገሩ፣ የሚጠብቅበት ወይም የሚጎላበት ቦታ። ለምሳሌ፦ ላ ሶሊሲቱድ፣ ማመልከቻ፣ ቴንጎ ኬ ዬናር ላ ሶሊሲቱድ (ማመልከቻውን መሙላት አለብኝ)፣ የትም አገር፣ መጨረሻው ይጎላል። የእንግሊዝኛውን ቃል ካርዱ ላይ አትጻፉት። ሥራውን ጨርሷል።

የሚጎላውን ቦታ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። ፓፓ መጀመሪያው ሲጎላ ድንች፣ መጨረሻው ሲጎላ አባባ ነው። ፔሮ «ር» ሲላላ «ግን»፣ ሲጠብቅ «ውሻ» ነው። «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል» ማጥበቅና ማላላትን ለሚለይ ጆሮ ይህ አይከብድም። ስትጽፉ ደግሞ ምልክቶቹን አትዝለሉ። «ኝ» የሚነበበው ፊደል ላይ ያለችው ሞገድ ከቀረች አኞ ማለትም ዓመት ወደ ነውር ቃል ይቀየራል። ስልክ ላይ የእንግሊዝኛውን «ኤን» ተጭናችሁ ብትቆዩ ባለ ሞገዷ ትመጣለች።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ሰው ነው። ሁለት ጥያቄ ያዙ። ዕቃውን እያሳያችሁ ኮሞ ሴ ዲሴ ኤስቶ? ይህ ምን ይባላል? ከዚያ ያጠናችሁትን ቃል ተናግራችሁ አሲ ሴ ዲሴ ኤን ሱ ፓይስ? በእርስዎ አገር እንዲህ ነው የሚባለው? የሳልቫዶሩ ባልደረባችሁ ለልጅ ኒኞ ከማለት ይልቅ ሲፖቴ፣ ለገንዘብም ዲኔሮ ከማለት ይልቅ ፒስቶ ይል ይሆናል። የድሮውን አትሰርዙ። አዲሱን ከሥሩ ጻፉና የአገሩን ስም ከጎኑ አስፍሩ።